ሁለተኛው መዳፍ

ሰኞ

ዛሬ ወንድሜ አቱሞ ተናገረ። ከቀበርነው ሁለተኛው ክረምት ነው። ጻፊ፣ አስቴር፣ እጅሽን አታቁሚ፤ እንዳልኩት ጻፊ።

አስቴር ምራቴ ናት፤ የልጄ የታሪኩ ሚስት። ልጄም ሞቷል። በማሻ መንገድ ላይ ሞተር ብስክሌት ጣለው። እኔ ወዳጆ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ቡና ተክሉ ውስጥ መፈልፈያ ማሽንና ጄኔሬተር ሳሠራ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ፊደል የቆጠሩት ሰዎች ማሽኑ ሲቆምባቸው የሚጠሩት እኔን ነበር። ይህን ደብተር ያመጣችው አስቴር ናት። «ቀን ቀኑን ይንገሩኝና ልጻፍልዎት፣ አባባ» አለች። ስለምረሳ አይደለም። እኔ አልረሳም። ለልጅ ልጅ ይቀመጥ ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤታችን በላይ፣ ጫካው ውስጥ፣ አባታችን ለእኔና ለአቱሞ በጋራ የተወልን አንድ ቀረሮ የሚባል ዛፍ አለ። ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። ንብ ከዛፍ ሁሉ እሱን ይወዳል፤ አሥር ቀፎ ይሸከማል። አሁን የአቱሞ ልጅ ብርቄ ተነስታ «አባቴም አጎቴም ሰጥተውኛል» ትላለች። አባቷ ሰጥቶ ይሆናል። እኔ አልሰጠሁም። ደግሞስ ሴት ልጅ ቀፎ ልትሰቅል ዛፍ ትወጣለች እንዴ?

በእኛ መንደር ዛፍ በቃል አይሰጥም፤ በመዳፍ ነው። ሰጪው ግንዱን በመዳፉ ጧ ያደርገዋል፤ በቃ፣ ከእጁ ወጣ። የሁለት ሰው ዛፍ ከሆነ ሁለት መዳፍ ያስፈልጋል። አንዱ ብቻ ቢመታ ምንም አልተሰጠም። የእኔ መዳፍ ያንን ግንድ ለማንም አልመታም።

ሽማግሌዎች ቅዳሜ ቀጥረውናል። ዋናው ሽማግሌ ሻሎ፣ የልጅነት ጓደኛዬ፣ «ማስረጃ ከጠፋ ትምላለህ፤ በሞተው ልጅህ ስም» ብሎኛል። እምላለሁ! ምን ያስፈራኛል? ብርቄ ግን «ለምን ይምላል፣ ታሪኩ ቀርጾት የለም?» አለች። እውነት ነው፤ ልጄ የሠርግ ቪዲዮ ይሠራ ነበር፤ አጎቱ ሲታመምም ካሜራ ይዞ ይከተለው ነበር። ኮምፒውተሩ እንደተወው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጧል። «ይከፈት!» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህ ይጻፍልኝ። ያልኩት እኔ ነኝ።

አስቴር ከፈተችው። ባለፈው መብረቅ ሲወድቅ ስክሪኑ የሚሰካበት ቦታ ተቃጥሏል። ፋኑ ይዞራል፣ ትንሿ መብራት ትበራለች፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። አስቴር የምስጢር ቃሉን ምንም ሳታይ በጣቷ ጻፈች። ታሪኩ መጨረሻ የሠራበት ቪዲዮ ማሽኑ ሲነሳ በራሱ እንዲመጣ አድርጎ ነበር አለችኝ። ረጅሙን ቁልፍ ተጫነች።

መጀመሪያ ንብ መጣ። እምምታው ክፍሉን ሞላው። ቀጥሎ አቱሞ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ እንደ መጨረሻ ወራቱ። «ይህን ቀረሮ» አለ፤ «ከሥሩ እስከ ጫፉ፣ ለልጄ ለብርቄ።» ከዚያ፦ ጧ።

ዝም። ንቡ ብቻ።

ከዚያ ደግሞ፦ ጧ።

አስቴር ቁልፉን መልሳ ተጭና ድምፁን አቆመችና ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ስክሪኑን አየሁ። ጥቁሩ ውስጥ የራሴ ፊት ብቻ ነበር ያለው።

«ሁለቴ የመታው እሱ ነው» አልኳት። «ታሞ ነበር፤ የመጀመሪያው ደካማ መስሎት ደገመው።» ድምፅ መዳፉ የማን እንደሆነ አይናገርም። ምስሉ ይምጣ። ምስሉ ሲመጣ ብርቄ ታፍራለች።

ማክሰኞ

የኮምፒውተሩን ሳጥን በኬሻ ጠቅልለን በባጃጅ ቴፒ ወሰድነው። ጉም ነበር፤ ባጃጁ የራሱን ጎማ አያይም። መንገዱን ሁሉ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። ሳይሰካ ይሞቃል። አስቴር «የእርስዎ ሙቀት ነው» አለችኝ። ይሆናል።

ጠጋኙ ጌትነት ይባላል፤ አፉ የማያርፍ፣ እጁ ግን መልካም። ታሪኩን ያውቀው ነበር። ሳጥኑን ከፍቶ አሸተተው፤ ሐኪም ቁስል እንደሚያሸት።

«ጋሼ ወዳጆ፣ ይሄ ሰውዬ አልሞተም፤ ዓይኑ ነው የጠፋው።»

«ዓይን ይኑረው እንግዲህ።»

«ይኖረዋል። ግራፊክስ ካርድ ይባላል። ውስጡ እንሰካለታለን፤ ስክሪኑን ከተቃጠለው አንስተን በእሱ ላይ እናደርጋለን።»

አስቴር ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንዲያየው ጠየቀችው። ብልህ ናት። ሞከረ። ሌላው ኮምፒውተር ረጅም ቁጥር ጠየቀ። ዲስኩ ተቆልፏል፤ ከገዛ ሳጥኑ በቀር ለማንም አይከፈትም አለ። ቁጥሩን የሚያውቀው ልጄ ነበር። ዲስኩን ወደ ቦታው መለሰው።

ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጡብ የሚያክል ካርድ ተውሶ አመጣ። ገባ። ግን ካርዱ ጎኑ ላይ አፍ አለው፤ ለብቻው የኃይል ገመድ ይፈልጋል። ጌትነት በሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ገመዶች አንድ ባንድ ቆጠረ። ትርፍ የለም።

«ኩባንያው ለራሱ ልክ ብቻ ነው የሰፋው» አለኝ። «ከሚበላው በላይ አንድ ጉርሻ አላስቀመጠም።»

ከዚያ ድምፁን በትልቅ ስፒከር ልስማው አለ። አልወደድኩም፤ ቢሆንም ፈቀድኩ። ንቡ ሱቁን ሞላው። መንገድ ላይ የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ቆመው ሽቅብ አዩ። አቱሞ ተናገረ። ጧ። ዝም። እዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ቤት ሆነን ያልሰማነው ነገር አለ። የሰው ሳል። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ጉሮሮ መጥረግ። ከዚያ፦ ጧ።

ጌትነት ድምፁን አቁሞ ሳቀ። «ጋሼ፣ እርስዎም አብረው ሳሉ?»

እኔ አልሳልኩም። አፌ ዝግ ነበር።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ሳልኩ፤ የጉም ነገር ነው። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ጉሮሮዬን ከመጥረግ ራሴን ከለከልኩ።

ይህን አትጻፊ ልልሽ ነበር። ጻፊው። የአባታችን ቤት ልጆች ሁሉ እንዲያ ነው የሚስሉት። አቱሞም እንዲሁ ነበር።

ረቡዕ

ድል! መጀመሪያ ድሉን ጻፊ።

ጌትነት ሌላ ፓወር ሳፕላይ፣ ለሳጥኑ ኃይል የሚያድለውን ዕቃ፣ አመጣ፤ ገመዱ የበዛ፣ ለትልቁ ካርድ የሚሆን። የድሮውን ነቅሎ አዲሱን ሊሰካ ሲል መሰኪያው አልገባም። የአዲሱ ሰፊ ነው፤ ሁለት ረድፍ ቀዳዳ ሙሉ። የሳጥኑ ጠባብ ነው፤ ጥቂት ቀዳዳ ብቻ። የሳጥኑ ኩባንያ መሰኪያውን ከሰው ሁሉ ለይቶ ነው የሠራው። መለወጫ ገመድ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ እስከ ቅዳሜ ግን አይደርስም።

ጌትነት መቁረጫ አነሳ። «ቆርጬ እቀጥለዋለሁ። ቢጫ ከቢጫ፣ ጥቁር ከጥቁር።»

«እጅህን አንሳ!» አልኩት። ሱቁ ሁሉ ዞረ። «ቀለም ታምናለህ? ቡና ተክሉ ውስጥ ቀለም አምኖ ሽቦ የቀጠለ መካኒክ ነበረን፤ ሞተሩ እንደ ዶሮ ተጠበሰ። ለካ!»

መለኪያውን አመጣ። ቁጥር አውቃለሁ፤ የማላውቀው ፊደል ነው። የአዲሱን ቢጫ ለካነው፤ አሥራ ሁለት ቮልት። የሳጥኑን የራሱን ለካነው፤ አሥራ ሁለቱ የሚመጣው በሌላ ቀለም ነው፣ አዲሱ ላይ አምስት በሚሰጠው። ቢቀጥለው ኖሮ ሳጥኑ ከነዲስኩ፣ ከነአቱሞ፣ ከነልጄ ሥራ ጢስ ሆኖ ይወጣ ነበር። ጌትነት መቁረጫውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ፊደል ቢቆጥሩ ኖሮ እኔ ምን እበላ ነበር?»

«ቆጮ» አልኩት።

ያን ጊዜ ነው መላው የመጣለት። ገመድ የማይጠይቅ ትንሽ ካርድ አለ፤ የሚበቃውን ኃይል ከሚሰካበት ቦታ ራሱ ይጠጣል። ሚዛን ተፈሪ ያለ ጓደኛው ጋ ደወለ። «አለ» አለው። ነገ በሚኒባስ ይመጣል።

ከሱቁ ስወጣ ብርቄ በር ላይ ቆማ ነበር። ሸማዋ ጉም ጠጥቷል። አስታማሚ ነበረች፤ አባቷን ሁለት ዓመት ያነሳችው ያስቀመጠችው እሷ ናት። ይህን አልክድም።

«አጎቴ፣ ይሠራል አሉህ?»

«ይሠራል። ያን ጊዜ ፊትሽን የት ትጥያለሽ?»

መሬት አየች። «ባይሠራ ግን አትማል። በታሪኩ ስም አትማል። ዛፉ ይቅርብኝ።»

ሰማሽ፣ አስቴር? ዛፉ ይቅርብኝ አለች። እውነት የያዘ ሰው ይቅርብኝ ይላል? ምስሉ እንደማይመሰክርላት አውቃ ነው። መንገዱን ሁሉ ይህን ለራሴ ስነግር መጣሁ። ግን የተናገረችው እንደተሸነፈ ሰው አልነበረም። የአቱሞን ወገብ ስትይዝ በምትናገርበት ድምፅ ነው። እኔን የታመምኩ አድርጋ ነው የተናገረችኝ።

ሐሙስ

ጠዋት ብቻዬን ወደ ቀረሮው ወጣሁ። ጉሙ ከጉልበቴ በታች ነው፤ እግሬ አይታየኝም። ከግንዱ ፊት ቆምኩ። ንቡ ከላይ እምም ይላል፣ ልክ እንደ ሳጥኑ። ወይም ሳጥኑ እንደ እሱ።

የማስታውሰውን ልቁጠር አልኩ። አባቴ ያሳየኝን ቀን አስታውሳለሁ። አቱሞ ከሁለተኛው ቅርንጫፍ የወደቀበትን። ታሪኩን በትከሻዬ አድርጌ እዚህ ያመጣሁበትን፤ ማር አፉን ሞልቶ ሲስቅ። አቱሞ ሲታመም መንገዱን መራመድ አይችልም ነበር፤ በወሳንሳ ነበር የሚወጣው። ከኋላ የተሸከመው ማን ነበር? ከፊት ታሪኩ። ከኋላ... ከኋላ ሰው ነበረ። ፊቱ ጉም ነው።

መዳፌን አነሳሁ። ልመታ አይደለም፤ ልዳስስ። አስቴር፣ እጄ ሳላዘው ሄደ። ከትከሻዬ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በግራ በኩል፣ እንደ ጉልበት ያበጠ ጉጥ አለ፤ እሱ ሥር ገባ። ልክ ገባ። ግንዱ ሰፊ ነው፤ ሌላ ቦታ ሞልቷል። እጄ ያን ቦታ ለምን አወቀ?

ተመለስኩ። ቁርስ አልበላሁም።

ከሰዓት ቴፒ ነበርን። ካርዱ መጣ፤ ከመዳፍ አይበልጥም። ደረቱ ላይ ያለው ቆርቆሮ ግን ለሳጥኑ ረዘመ፤ ጌትነት ፈትቶ ከካርዱ ጋር የመጣውን አጭሩን አሰረለት። ሊሰካ ሲል መብራት ጠፋ። ጠበቅን። ዝናብ መጣ። የጌትነት ሱቅ ጣሪያ በሦስት ቦታ ያፈሳል። «ካርዱም ሳጥኑም እኔ ጋ ይደሩ» አልኩ። «ነገ አንተ ቤት ድረስ ና። የሞተ ሰው በእንግዳ ሱቅ አይዘጋበትም።» እሺ አለ።

አሁን ካርዱ በእጄ ነው። ከሥር በኩል ወርቃማ ጥርሶች አሉት፤ ያማሩ። የእኛ አገር እርጥበት ብረት ይበላል። ተክሉ ውስጥ የሽቦ ጫፍ እንዳይዝግ ሰም እንቀባ ነበር፤ ዘዴው የእኔ ነው። ከቀፎ ሰም ቆንጥሬ በአውራ ጣቴ አሟሟሁና ጥርሶቹን አንድ ባንድ ቀባኋቸው። አበሩ። አሁን ውሃ አይደፍራቸውም።

አስቴር «ለጌትነት ልንገረው?» ትላለች። ለጌትነት ምን ይነገረዋል። የማሽን ነገር ለእኔ ይተውልኝ።

አርብ

ዛሬ የሆነውን በተራው ጻፊ። ምንም አትዝለይ። የሚያዋርደኝንም።

ጌትነት ረፋድ ላይ መጣ። ካርዱን ሰካ። ስክሪኑን ከአዲሱ ካርድ ጋር አገናኘ። አበራ። ፋኑ ዞረ። ስክሪኑ ጥቁር። አጠፋ፣ ነቀለ፣ መልሶ ሰካ። ጥቁር። አስቴር ረጅሙን ቁልፍ ነካችው፤ ንቡ መጣ፣ አቱሞ መጣ፤ ምስል የለም። ጌትነት ላብ አላበው። ካርዱን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ያዘው። በጥፍሩ ፋቀው። ጥፍሩን አሸተተ።

«ሰም ነው» አለ። «ጋሼ፣ ይሄን ሰው ሰም ቀብቶታል። ጥርሶቹ ተዘግተዋል። እንዴት ይነጋገር?»

ደሜ ፈላ። «ሰም ሽቦው ከታሰረ በኋላ ነው የሚቀባው! ሳይታሰር የሚቀባ የማሽን ሰው አይደለም፤ ጠላት ነው! ማን ገባ እዚህ ቤት? ብርቄ ናት! ምስሉን ፈርታ ነው! ሻሎን ጥሩልኝ፣ ሌባ ይያዝልኝ!» ብዙ አልኩ። ስለ ወንድሜ ልጅ ሊባል የማይገባ ነገር አልኩ። ያን እንኳ ካልጻፍሽው አልቀየምሽም።

አስቴር ተነስታ ደብተሩን አመጣች። አልተቆጣችም። «አባባ፣ የትናንቱን ላንብብልዎት» አለች።

አነበበች። ጣሪያው ማፍሰሱን፣ አስታውሳለሁ። ሳጥኑን ማምጣታችንን፣ አስታውሳለሁ። ከዚያ «ከቀፎ ሰም ቆንጥሬ በአውራ ጣቴ አሟሟሁና» አለች።

እኔ ነኝ እንዲህ የምናገረው። «ውሃ አይደፍራቸውም» የእኔ ቃል ነው፤ ሌላ ሰው እንዲያ አይልም። ግን አላውቀውም። ባዶ ነው። ከካርዱ እስከ እንቅልፍ ያለው ነገር በመቁረጫ ተቆርጧል። አውራ ጣቴን አየሁት። ከጥፍሬ ሥር ቢጫ ሰም ነበር።

ጌትነት ወደ መስኮቱ ዞሮ ዝናብ የሚያይ መሰለ። ጥሩ ሰው ነው።

በዚህ ቤት ውስጥ፣ በዚህ ቆዳ ውስጥ፣ እኔ የማላውቀው ሰውዬ አለ። በእጄ ይሠራል። በአፌ ይናገራል። ሠርቶ ሲጨርስ ምንም ሳይነግረኝ ይሄዳል።

ጌትነት ጥርሶቹን በላጲስ ፈተገ፣ በአልኮል ጠረገ። ሰካ። አበራ። ስክሪኑ መጀመሪያ ግራጫ ሆነ፣ እንደ ጉም። ከዚያ አረንጓዴ።

ቀረሮው ነው። አቱሞ ወሳንሳው ላይ ተቀምጧል፤ ብርቄ ከኋላው ትከሻውን ይዛለች። ከሲታ ነው፤ ጉንጩ ገብቷል። ተናገረ፤ የምናውቀውን። እጁን ዘረጋ፤ ጧ። ከዚያ ከግራ በኩል አንድ ሽማግሌ ገባ። ሳለ። አረንጓዴ ካፖርት ለብሷል፤ ሁለተኛው ቁልፍ የለም። ያ ካፖርት በሩ ኋላ ተሰቅሏል፤ አሁንም ቁልፍ የለውም። ሽማግሌው መዳፉን ከትከሻው ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ በግራ በኩል፣ ከጉጡ ሥር፦ ጧ።

ከዚያ ዞረ፤ ወደ ካሜራው፤ ወደ እኔ። ፊቱ ርጥብ ነው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ንቡ ድምፁን ይውጠዋል። ከካሜራው ኋላ የልጄ ድምፅ መጣ፤ «በቃ አባዬ፣ ጥሩ ነው፣ በቃ።»

ያ ሰውዬ አየኝ። አወቀኝ። እኔ ግን አላወቅሁትም።

«አጥፊው» አልኳት።

ጌትነት መፍቻዎቹን በጨርቅ እየጠቀለለ፣ ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ... ካርዱ አልሠራም ብንል፣ ለእኔ ምንም አይደለም» አለ። ለደግነት ነው ያለው። አስቴር ወለሉን ታያለች።

ይህ ነው። ምስሉን ያየነው ሦስት ነን። ነገ ሻሎ ማል ይለኛል። ብምል እንኳ ውሸታም አልሆንም፤ ስለማላስታውስ። አይደለም እንዴ? እስኪ ንገሪኝ። አትንገሪኝ። ለዛሬ ይብቃ።

ቅዳሜ

ተሰበሰብን። ሻሎ ግቢ፣ ቆርቆሮው ሥር። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ሰባት ሽማግሌ፣ ብርቄ፣ አስቴር፣ ጌትነት። ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ፣ ኬሻ ለብሶ። በሬሳ ዙሪያ እንደተቀመጥን ነው።

ሻሎ «ተሠራ?» አለ። ጌትነት እኔን አየኝ።

«ተሠርቷል» አልኩ። «ከመታየቱ በፊት ግን ልናገር።»

ቆምኩ። ማንም አልደገፈኝም፤ ይጻፍልኝ።

«ሰኞ አልመታሁም አልኳችሁ። ዋሽቼ አይደለም። መዳፌ መትቷል። ሳሉ የእኔ ነው፣ ካፖርቱ የእኔ ነው፣ እጁ የእኔ ነው። እኔ ግን አላስታውስም፤ አሁን ስነግራችሁም አላስታውስም። ዛፉ የብርቄ ነው። ይህቺ ልጅ በልጄ ስም እንዳልምል ዛፏን ልትተውልኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሌባ አልኳት። እሱንም እናንተው ዳኙት።»

ብርቄ አፏን በሸማዋ ያዘች። ከዚያ ሻሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወዳጆ ተሳሳትኩ ሲል ልስማ ብዬ ነው እስካሁን ያልሞትኩት» አለ። «አሁን ልተኛ እችላለሁ።»

«ቀድመኸኝ ተኛ» አልኩት። «ስትሞት ግን ለማስታወስ አልገደድም።»

ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። ከመካከላቸው ረስቶ የማያውቅ አንድም አልነበረምና።

ሻሎ «ቢሆንም ይታይ» አለ። አስቴር ገለጠችው። አቱሞ ሲመጣ ሻሎ ሳያስበው ከመቀመጫው ተነሳ፤ «እንደምን አለህ» አለው። ምስሉ ግን ለማንም አይመልስም። ጧ፤ ጧ። የልጄ ድምፅ። ይህን ጊዜ ፊቴን አላዞርኩም።

ሌባ ስላልኳት ፈረዱብኝ፤ አንድ ቅል ወለላ ማር፣ ይቅርታ፣ ከእንግዲህ ቀፎ ስትሰቅል ገመድ መያዝ። የመጨረሻውን የጨመረው ሻሎ ነው። ተንኮለኛ።

ጌትነት ቪዲዮውን ለእያንዳንዱ ቤት ገልብጦ ሰጠ። እኔ ጋም አለ። የት እንዳስቀመጥኩት አስቴር ታውቃለች።

እሁድ

አስቴር ከመዝሙር ስትመለስ ሦስታችን ወደ ቀረሮው ወጣን። ጉም የለም። ብርቄ ሱሪ ታጥቃለች። ገመዱን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ወጣች። እንደ ጉሬዛ ነው የወጣችው! አቱሞ በጉልምስናው እንዲያ አይወጣም ነበር። ገመዱን ያዝኩ። ቀፎው ሲሳብ ክብደቱ በመዳፌ አለፈ። ከላይ «አጎቴ፣ ያዝከኝ?» ትላለች።

«ይዤሻለሁ።»

«አትርሳኝ እንግዲህ!»

እኔ ላይ ትቀልዳለች። ሳቅሁ። ገመዱን ግን እጄ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠምኩ። ከላይ ሆና ምንም አላየችም። አስቴር አየች።

ከሰዓት በረንዳው ላይ ተቀምጬ አስቴርን ደብተሩን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ አልኳት። ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ታነብልኛለች፤ ሕግ ነው። ያ ሌላው ሰውዬ የሠራውን እኔ ልስማ፣ እኔ የሠራሁትን እሱ ይስማ። በአንድ ቆዳ የምንኖር ሁለት ሰዎች ቢያንስ በደብተር እንተዋወቅ።

ጀመረች። «ዛሬ ወንድሜ አቱሞ ተናገረ» አለች፤ «ከቀበርነው ሁለተኛው ክረምት ነው።»

ብድግ አልኩ።

«አቱሞ ተናገረ? እንዴት አድርጎ?» አልኳት።

አስቴር ቀና አላለችም። ጣቷን ከመስመሩ ላይ አላነሳችም።

«ይቀመጡ፣ አባባ» አለችኝ። «እየደረስንበት ነው።»

ተቀመጥኩ። ይህንንም ጻፊ አልኳት።